ኢቃማ የሌላቸው ጎረቤቶቼ

የሳዑዲዋ ኾባር የግንብ ከተማ ናት። እያንዳንዱ ቤት ከሰው ቁመት በላይ በሆነ አጥር ታጥሯል፤ አንዳንዱ አባወራ ግንቡ አልበቃ ብሎት በላዩ ላይ ቆርቆሮ ይቀጥልበታል። ነገሩ ይገባኛል። ሴቶቹ በገዛ ግቢያቸው እንደልባቸው እንዲሆኑ ነው፤ የጎረቤት ዓይን አጥር እንዳይሻገር ነው። ውጤቱ ግን አንድ ሰው በአንድ ሰፈር ልጅ ወልዶ እስኪድር ኖሮ የጎረቤቱን የመኪና ታርጋ እንጂ መልኩን ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ጨው ሲያልቅ በአጥር ቀዳዳ ስኒ ማቀበል እዚህ የለም። ቀዳዳው ራሱ የለም።

ይህን ሁሉ ግንብ ከቁብ የማይቆጥሩ ነዋሪዎች ግን አሉ። እንሽላሊቷ በወዲያኛው በኩል ሽቅብ ወጥታ በወዲህኛው ቁልቁል ትወርዳለች። ማይና የሚባለው ወፍ ከባለ ቪላው ግቢ ሩዙን በልቶ እኛ ጋ መጥቶ ውሃ ይጠጣል። በረሮው ከሁላችንም ቤት ሥር በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅድ ሠርግና ተዝካር ይጠራራል። ጎረቤት ማወቅ የፈለገ ሰው ታዲያ ከእነዚህ ቢጀምር ምን ይፈረድበታል? እኔ ከእነሱ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ሥራ መፍታት ስንት ዓይነት ነው!» ትላለች።

የምንኖረው በአንድ ቪላ ጀርባ ባለች ሙልሐቅ ውስጥ ነው። ሙልሐቅ ማለት ሀብታም ለሾፌሩ ወይም ለአሮጌ ዕቃው ብሎ የሠራት፣ በኋላ ኪራይ ልታመጣ እንደምትችል ትዝ ያለችው ቤት ናት። ሖሿ፣ ግቢዋ ማለቴ ነው፣ ጠባብ ናት። አንድ የቴምር ዛፍ አለ፤ አንድ አረቦቹ ሲድር የሚሉት፣ እኛ ቁርቁራ ብለን ከልጅነት ጀምሮ እሾሁን የምናውቀው ዛፍ አለ፤ ቀንና ሌሊት የምታጉረመርም የኤሲ ማሽን አለች፤ ማሽኗ ላይ ደግሞ በሦስት ጭራሮ ጎጆ ሠርቼአለሁ ብላ የተቀመጠች ዋኔ አለች። የዋኔዋ ግንበኝነት ከአገር ቤቷ ዋኔ በምንም አይሻልም። እንቁላሉ ከታች ሆነው ቀና ሲሉ በጭራሮው መሐል ይታያል።

እዚህ አገር ሰው ሲያገኝህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ስምህን አይደለም፤ ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ነው። ከየት መጣህ? በማን ስም ገባህ? ጊዜህ መቼ ያልቃል? ይህ ጥያቄ ደም ሥሬ ውስጥ ገብቶ መሰለኝ፣ ግድግዳ ላይ አንዲት ጥንዚዛ ሳይ የሚመጣብኝ ያው ነው። ስልኬ ላይ አይናቹራሊስት የሚባል መተግበሪያ ጫንኩ። በ2008 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ የተማሪዎች የማስተርስ መመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ነፍሳት በእኛ አቆጣጠር አይመዘገቡም።) ፎቶ አንስተህ ትሰጠዋለህ፣ «ይህ ይመስለኛል» ይልሃል፣ ከዚያ በየአገሩ ያሉ ነፍሳት ወዳዶች ገብተው «ነው»፣ «አይደለም» ይባባላሉ። የእኛ ሖሽ መብራት ላይ ባረፈች ግራጫ የእሳት እራት የተነሳ ኾባርን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ክንፏ ላይ ስላለች አንዲት ነጥብ ሲሟገቱ ማየት አንጀት ያርሳል።

መጀመሪያ ያስመረመርኩት በረሮውን ነው። ሙቀቱ ሲብስ፣ ከምድር በታች ያለው ቱቦ ሲግል፣ ከባላዓው፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ፣ ክዳን ሥር ብቅ ይላል፤ ቀላ ያለ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ሲያሻው የሚበር። መተግበሪያው «የአሜሪካ በረሮ» አለኝ።

«ከዘይቱ ሰዎች ጋር ነዋ የመጣው!» አለች እቴቴ።

እቴቴ የወሎ ሰው ናት። እዚሁ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ናት፤ ዓርብ ዓርብ እረፍቷ ስለሆነ እኛ ጋ መጥታ ከባለቤቴ ጋር ቡና ታፈላለች። እቴቴ የምንላት በዕድሜም በልምድም ስለምትበልጠን ነው፤ አረብኛዋ ከማዳሟ አረብኛ ይፈጥናል። ግምቷም እንዲያው የሚጣል አልነበረም። ዳህራን አፍንጫችን ሥር ነው፤ በ1938 ዘይት የፈለቀበት ሰባተኛው የደማም ጉድጓድ ያለው እዚያ ነው፤ ቆፋሪዎቹም አሜሪካኖች ነበሩ። ነገር ግን የበረሮው ዶሴ ሲገለጥ ሌላ ነው። ሊኔየስ የተባለው ስዊድናዊ በ1758 «የአሜሪካ» ብሎ መዘገበው እንጂ የትውልድ ሐረጉ ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው። ወደ አሜሪካ የሄደው በመርከብ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ነው።

«እንግዲያው ዲቪ ደርሶት ይሆናል» አለች እቴቴ፣ ሳትስቅ።

ወጥ ቤት ካቢኔ ውስጥ የሚርመሰመሰው ትንሹ ቡናማ በረሮ ደግሞ «የጀርመን» ይባላል፤ ይህንንም ያው ሊኔየስ በ1767 ነው የጻፈለት። በ2024 የዘር ምርመራው ሲወጣ ጀርመንን ጭራሽ አያውቃትም፤ የዛሬ 2,100 ዓመት ገደማ በደቡብ እስያ ከአንድ የዱር በረሮ ተገንጥሎ ከሰው ቤት የገባ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት በረሮ፣ ሁለቱም በሰው አገር ወረቀት። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አዳምጣ ስታበቃ ሁለቱንም በአንድ ነጠላ ጫማ አስተናገደቻቸው።

ጉንዳኖቹ መሐል አንድ የማልቀልድበት አለ። ሳምሱም ይሉታል፤ ጥቁር፣ ቀጠን ያለ፣ እርጥብ ሣር ሥር የሚውል። ሳይንስ የመዘገበው በሱዳኗ በሰናር ስም ነው፤ የእኛው ወገን አፍሪካዊ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ንድፊያው አካል ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሆስፒታል ቶሎ ካልተደረሰም ይገድላል። ባዶ እግር ሣር ላይ መሄድ ያምራል የሚል ካለ መጀመሪያ ሣሩን ይይ።

ታዲያ ባለአገሩ ማነው? ማይናው አይደለም። ማይና የደቡብ እስያ ወፍ ነው፤ ይናገራል ተብሎ በሽቦ ቤት ታስሮ መጣ፣ በሩ ሲከፈትለት አምልጦ ወለደ፣ ተዋለደ። ዛሬ ዓይኑ ዙሪያ ያለችውን ቢጫ ቀለበት አድርጎ የምግብ ቤት ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ሲንጎማለል ያየ ሰው ኪራይ ሊሰበስብ የመጣ ባለቤት ነው የሚለው። በ2000 የዓለም ክፉ ወራሪዎች ተብለው ከተዘረዘሩት 100 ፍጥረታት አንዱ ነው። ቁርቁራው ላይ የምትዘፍነው ጉንጨ ነጯ ቡልቡል የዚሁ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ልጅ ናት፤ እሷ ግን ስለ ባለአገርነቷ ምንም አታወራም፤ የምትናገረው መጤው ነው። ሰዎቹንም ካነሳን ኾባር ራሷ የመጤ ከተማ ናት። በ1923 የደዋሲር ጎሳ ሰዎች ከባሕሬን ተነስተው ወደዚህ ዳርቻ ሲሻገሩ ነው ደማምና ኾባር የዓሣ አጥማጆችና የዕንቁ ጠላቂዎች መንደር ሆነው የቆሙት። ከዚያ በፊት የነበሩት ሸርጣንና እንሽላሊት ናቸው፤ እነሱ ሰነድ አልያዙም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ተርቡ ነው። የምሥራቅ ተርብ ይባላል፤ አካሉ ቡናማ፣ ግንባሩና ሆዱ ላይ ቢጫ የተቀባ። በሳዑዲ ሕግ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጆቹ) ከቀትር ጀምሮ ለሦስት ሰዓት ሰው ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ተከልክሏል። ግንበኛው አካፋውን ጥሎ ጥላ ሥር ይጋደማል፤ ድመቷ መኪና ሥር ትገባለች፤ ዋኔዋ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ተርቡ ሥራውን የሚያጧጡፈው ያን ጊዜ ነው። ጎጆው ከመሬት በታች ነውና አፈሩን በአፉ ቆፍሮ፣ ተሸክሞ ወጥቶ፣ አየር ላይ ጥሎ ይመለሳል። በ2010 ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ቡናማው ቆዳው ብርሃን የሚያጠምድ፣ ቢጫው ቀለም ደግሞ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሊቀይር የሚችል ሆኖ አገኙት። እኛ የኤሌክትሪክ ክፍያ መልእክት በመጣ ቁጥር ኤሲውን ስናጠፋ፣ ስናበራ፣ ይሄ ሰውዬ ፀሐዩን ራሱ ለብሶት ይዞራል።

በ2024 ደግሞ ይባስ ብለው 80 በመቶ አልኮል ያለበት ስኳር ውሃ አጠጡት። ጠጣ። አልተንገዳገደም፣ ዕድሜው አላጠረም፣ ጎጆ መሥራቱንም አልተወም። ይህ ወሬ በሳዑዲ ምድር በዝርዝር የሚወራ ስላልሆነ ወደ ሌላው ልለፍ።

በመጀመሪያ ሐሳቤ ወፍ ላይ ነበር። ከደማም ሐራጅ ገበያ አንድ አሮጌ መነጽር፣ ሩቅ የሚያሳየውን ማለቴ ነው፣ ገዝቼ በማለዳ ሳጥሕ፣ ጣሪያው፣ ላይ ወጣሁ። ቡልቡሏ የጎረቤቱ አንቴና ላይ ናት። መነጽሩን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ከታች የሃሪሱ ድምፅ መጣ። ሃሪሱ የቪላው ዘበኛ ነው፤ ሱዳናዊ ነው፤ ጢሙ ከነጣ ቆይቷል፤ ሁላችንም «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ነው የምንለው።

«ያ ወለዲ፣ ምን ታያለህ?»

«ወፍ፣ ዓሚ።»

ዓሚ ትንሽ አሰበ። «ልጄ፣ በዚህ ሰፈር አንድ ወንድ ያንን ዕቃ ይዞ የሰው ጣሪያ የሚያይበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ፖሊስ ያውቃቸዋል። ሦስተኛ ምክንያት አለኝ ብትል እስኪገባቸው ድረስ የት ታድራለህ?»

መነጽሩ ያን ቀን ሳጥን ውስጥ ገባ። አሁን ብርዱ ሲገባ፣ ታሩት ባሕረ ሰላጤ ላይ ፍላሚንጎዎቹ ሲያርፉ ብቻ ይወጣል፤ እዚያ ከባሕርና ከወፍ በቀር የሚታይ ስለሌለ። ሖሹ ውስጥ ግን ወደ ታች ማየትን መረጥኩ። ወደ ታች የሚያይን ሰው ማንም አይጠረጥረውም፤ ገንዘብ የጠፋበት ይመስላል። ብዙ ሰው ቆሞ አብሮኝ ፈልጓል።

ዓሚ ራሱ ስለ እንስሳት የሚያውቀው ብዙ ነው፤ እውቀቱ ግን በሃይማኖት በኩል ነው የሚመጣው። ሌሊት መብራቱ አጠገብ ተለጥፋ የእሳት እራት የምታድነውን የግድግዳ እንሽላሊት ሲያይ ጫማውን ያወልቃል። ነቢዩ ኢብራሂም እሳት ውስጥ ሲጣሉ እሳቱን እፍ ያለች እሷ ናት ይላል፤ በሐዲስ የተመዘገበ ነው፤ እሷን መግደል የታዘዘ ነው። እቴቴም ትስማማለች። ባለቤቴ ግን በፍጹም።

«ትንኝ ትበላልኛለች» አለች። «እናንተ እስካሁን ስንት ትንኝ በላችሁልኝ?»

ክርክሩ እስከ ሦስተኛው ቡና ዘለቀ። ዓሚ በመጨረሻ ፍርድ ሰጠ፤ ሖሹ የሴትዮዋ ነው፣ እሱ በር ላይ የሚያገኛትን እንጂ ወደ ውስጥ የገባችውን አይነካም። እንሽላሊቷ ይህን ስምምነት የሰማች ይመስል ከዚያ ወዲህ በር ላይ አትታይም።

በዚያው በሐዲስ ሕግ አይነኬ የሆኑም አሉ። ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድና ሱረድ የምትባለዋ ወፍ እንዳይገደሉ ተከልክለዋል። ሁድሁድ በጸደይና በመከር በኾባር በኩል ታልፋለች፤ ጉትናዋን ዘርግታ፣ በረጅም አፏ የባለ ቪላውን ሣር እየወጋች ትል ታወጣለች። በሣሩ ላይ የሚሄድን የሠራተኛ ልጅ የሚቆጣው ባለቤት እሷን ሲያይ ልጆቹን ጠርቶ ያሳያል። እሷ የሱለይማን መልእክተኛ ናት። በቁርኣን፣ ጉንዳኗ ስሟን በሰጠችው ምዕራፍ ውስጥ፣ ሁድሁድ ከሰልፉ ጠፍታ ትቆይና ስትመለስ «በሰበእ ምድር የምትገዛ ንግሥት አገኘሁ» ብላ ለሱለይማን ታወራለች።

እዚህ ላይ ነበር እኔና እቴቴ የተያዝነው። እኔ በክብረ ነገሥት ያደግሁ ነኝ፤ በእኛ መጽሐፍ ወሬውን ያመላለሰው ታምሪን የሚባል ነጋዴ ነው፤ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ነው ለንግሥቲቱ የሰሎሞንን ጥበብ የነገራት። ወፍ የሚባል ነገር የለም። እቴቴ ደግሞ ነጋዴ የሚባል ነገር የለም አለች። ዓሚ ንግሥቲቱ የየመን ናት ብሎ ሊገባ ሲል ሁለታችንም አንድ ላይ ተነሳንበት። ኋላ እቴቴ ከሰሉን እያራገበች ጨረሰችው፤

«አንተ ልጅ፣ ምን ያጣላናል? ወፊቱ የንግሥቲቱን ወሬ ወደ ንጉሡ ወሰደች፤ ነጋዴው የንጉሡን ወሬ ወደ ንግሥቲቱ አመጣ። ደብዳቤ መልስ የለውም እንዴ?»

ሁለት ሊቃውንት ቢቀመጡ ከዚህ የተሻለ አያስታርቁም።

ከእኛ በፊት እዚህ አካባቢ ወደ ታች እያየ የዞረ ሰው መኖሩን የሰማሁ ጊዜ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮበርት ቺስማን ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። በዚያችው ደዋሲሮች በተሻገሩባት በ1923፣ ከኾባር በስተደቡብ ያለችው የዑቀይር ወደብ ላይ ወርዶ፣ በኢብን ሳዑድ ፈቃድ ወደ ሁፉፍ ወጣ። ከሁፉፍ ደግሞ አውሮፓዊ ረግጦት ወደማያውቀው የጀብሪን ውሃ ገብ ምድር ዘለቀ። ዘይት አልፈለገም፤ ስለ ዘይት ገና ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። የሚፈልገው ወፍ፣ አይጥ፣ እንሽላሊትና ነፍሳት ነበር። እያጠመደ፣ ቆዳቸውን እየገፈፈ፣ እያደረቀ ወደ ለንደን ሙዚየም ላከ። በዚያ ዘመን የነበረውን የሁፉፍ ሰው አስቡት፤ ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ፣ ግመል ተከራይቶ መጥቶ የሚጠይቀው «እንሽላሊት አላችሁ?» ብሎ ነው። በአሸዋው ላይ ሌሊት የምትዘለውን ትንሽ አይጥ ሳይንስ በእሱ ስም ነው የሚጠራት፤ ስሟን ግን ወደ ሁፉፍ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1919፣ ከኢራቅ በኩል በተገኘች አይጥ ነው ያገኘው። «ያልታወቀችው ዐረቢያ» የሚለውን መጽሐፉን በ1926 አሳተመ።

መጽሐፉ ሲወጣ ሰውዬው የት ነበር? ዳንግላ። የእኔ አገር! ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ጎጃም ተቀምጧል፤ እስከ 1934 ቆይቷል። ራስ ኃይሉ በሚገዙት ምድር በበቅሎ እየዞረ ጣናን ዳር ለዳር አጠና፣ ዓባይን ሸለቆ ለሸለቆ ተከትሎ ካርታ አነሳ፣ በ1936ም ሌላ መጽሐፍ ጻፈበት። እንግዲህ የሁፉፍን ጥንዚዛና የዳንግላን ዝናብ አንድ ሰው አይቷቸዋል። እኔ ከዳንግላ ተነስቼ ወደ ሁፉፍ አጠገብ መጣሁ፤ እሱ ከሁፉፍ ተነስቶ ዳንግላ ገባ። ልዩነታችን እሱ በመንግሥት ደመወዝ እንሽላሊት ሲያይ እኔ ከመጋዘን ሥራ ስመለስ ማየቴ ነው። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። «እሱንስ ሚስቱ ምን ትለው ነበር?» አለች።

አንበጣ ግን ቀልድ አይደለም፤ በተለይ እቴቴ ባለችበት አይቀለድበትም። በ2018 ግንቦት ላይ መኩኑ፣ ጥቅምት ላይ ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከዐረብ ባሕር ተነስተው ሩብ አል-ኻሊ የሚባለውን ባዶ በረሃ በዝናብ አራሱት። እዚያ ሰው የለም፣ መንገድ የለም፣ የሚያይ የለም። አንበጣው በዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ማንም ሳይቆጥረው ሦስት ትውልድ ተራባ። በ2019 ወጣ፤ የመንን አዳርሶ ባሕሩን ተሻገረ። ስንቱ ወገናችን በኦቦክና በቦሳሶ፣ በየመን አድርጎ የሚመጣበትን መንገድ አንበጣው በግልባጩ ሄደበት። በጥር 2020 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን መንጋው ገጥሞት ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ አዲስ አበባ አረፈ። በዚያው ዓመት መኸር ሲደርስ ወሎ ማሽላው ላይ ወረደበት፤ የእቴቴ ወንድም ማሳ አገዳ ብቻ ቀረ። እሷ ከዚህ ብር የምትልከው ለማዳበሪያ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለቀለብ ሆነ።

ለዚህ አንበጣ በ1775 በታተመ መጽሐፍ ስሙን ያወጣለት ፎርስኮል የተባለ የሊኔየስ ተማሪ ነው። ከዴንማርኩ ንጉሥ ጉዞ ጋር ወደ ዐረቢያ መጥቶ በ1763 የመን ውስጥ፣ ያሪም ላይ፣ በወባ ሞተ። አንበጣን ለዓለም ያስተዋወቀውን ሰው ትንኝ ወሰደችው፤ መጽሐፉን ያሳተመለት ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ብቸኛ ባልደረባው ነው። አንዳንድ የሳዑዲ ሰዎች ደግሞ አንበጣን ቀቅለው በደስታ ይበሉታል። እቴቴ ይህን ስትሰማ «ጠግበው ባይበሉት ነዋ ወሎ የደረሰ» ብላ አዘነችባቸው።

የእኛንም ቴምር ዛፍ የበላ አለ። ግንዱ ላይ ሽታ ያለው ቡናማ ውሃ ሲንጠባጠብ አየን፤ ባለ ቪላው ባለሙያ አመጣ፤ ባለሙያው ግንዱ ላይ ጆሮውን ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ቀይ ነቀዝ ነው። ትልቁ ረጅም አፍንጫ ያለው፣ ደማቅ ቀይ ቡናማ ጥንዚዛ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ግንዱ ውስጥ ተወልዶ ልቡን የሚቦረቡረው ትሉ ነው። ሲያኝክ ይሰማል። ይህም መጤ ነው፤ የትውልድ አገሩ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በሳዑዲ መጀመሪያ የታየው በ1987፣ እዚሁ በላያችን ባለችው በቀጢፍ ነው፤ ከዚያ ከባሕረ ሰላጤው እስከ ሜዲትራንያን ያለውን ቴምር አዳረሰ። በስተደቡባችን ያለው አል-አሕሳ፣ በ2018 ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ቴምር ያለበት ውሃ ገብ ምድር ነውና የሚያሳስበው ስንቱን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ችግኝ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ቁጥጥር ገባበት። ዛፍም ኢቃማ ተጠየቀ ማለት ነው።

ስለ ግመል ሸረሪት ብዙ አልልም፤ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። በ1990 እና በ1991 እዚህ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች «ሰው ያባርራል» ብለው በዓለም ያስወሩበት ነው። ሸረሪትም አይደለም፤ መርዝም የለውም። የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን የሰውየውን ጥላ ነው፤ ስትሮጥ ጥላህ ይሮጣል፣ እሱም ጥላውን ብሎ ይሮጣል። በኾባር ሐምሌ ጥላ ፍለጋ የሮጠን ማን ይኮንነዋል?

ብርዱ በገባበት ሰሞን አንድ ዓርብ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ፣ ቁርቁራው ላይ አንዲት በቀቀን መጥታ አረፈች። አረንጓዴ ናት፣ አፏ ቀይ ነው፣ ጅራቷ ረጅም ነው። ይህ ዘር በእኛም በምዕራቡ ቆላ በኩል አለ፤ በእነዚህ ከተሞች የሚበሩት ግን አብዛኞቹ ከሕንድ በኩል ለሽያጭ መጥተው ከሽቦ ቤት ያመለጡ ናቸው። ፎቶ አንስቼ ለመተግበሪያው ስሰጥ እቴቴ በትከሻዬ በኩል አየች።

«ምን ይልሃል?»

«የዱር ናት ወይስ ሰው የሚያኖራት ብሎ ይጠይቃል።»

«የሰው ቤት ወፍ አይደለች?»

«ነበረች። አምልጣ ነው።»

እቴቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ሁሩብ ናት በላ!»

ሁሩብ ማለት እዚህ አገር አሠሪው «ጠፍቶብኛል» ብሎ ያስመዘገበው ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኢቃማው ወረቀት ነው። ለእቴቴ የመተግበሪያውን ደንብ አነበብኩላት። ሰው ሆን ብሎ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ያኖረው ፍጥረት ከሆነ «ሰው የሚያኖረው» ተብሎ ይመዘገባል፤ አምልጦ ራሱን ችሎ የሚኖር ከሆነ የዱር ነው።

«ጌታዋ ቢፈልጋትም?»

«ቢፈልጋትም።»

«ቅጣት የለባት?»

«የለባትም።»

«መውጫ ቪዛስ?»

«አትጠየቅም።»

በቀቀኗ የቁርቁራውን ፍሬ ግማሹን በልታ ግማሹን ጀበናው አጠገብ ጣለችው። ባለቤቴ «ሂጅ አንቺ!» ብላ አጨበጨበችባት፤ አልሄደችም።

«ይህን ሕግ ያወጡት እነማን ናቸው አልከኝ?» አለች እቴቴ።

«የካሊፎርኒያ ሰዎች ናቸው።»

«ስልካቸውን ስጠኝማ።»